ከሰርቨር ወደ ዴስክቶፕ ፋይል ለማውረድ፦ ፍላሽ፣ ቴሌግራም ወይስ ኬብል?

ጎንደር ውስጥ ፋርማሲ፣ ሆቴል ወይም ማኅበር ያላቸው ወዳጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው፦ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ካለበት ሰርቨር ባካፕና ሪፖርት በየማታው ወደ ቢሮ ኮምፒውተር ለማውረድ ምን እንግዛ? የኔትወርክ ኬብል ግዙ። ፍላሹን ተዉት።

ከዋጋው እንነሳ። በኬብሉ ላይ ፋይሉን የሚያወርደው የዊንዶውስ ፕሮግራም ዊንኤስሲፒ (WinSCP) 0 ብር ነው፤ የዓመት እድሳትም የለውም። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ኤስኤስኤች (ከሩቅ በተመሰጠረ መስመር መግቢያው) ከበራ በፖርት 22፣ ማለትም በመግቢያ ቁጥሩ፣ በኤስኤፍቲፒ (በዚያው መስመር ፋይል ማስተላለፊያው) ይገናኛል። የምትከፍሉት ለኬብሉ በሜትር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ለሚገቡት 2 አርጄ45 ራስ (መሰኪያ) እና ለባለሙያው እጅ ብቻ ነው። ለአንድ መስመር ብላችሁ ክሪምፐር (ራሱን መግጠሚያ መቆንጠጫ) አትግዙ።

ቴሌግራም ነፃ ይመስላል እንጂ አይደለም። 1.5 ጊጋባይት ባካፕ ሲጫንም ሲወርድም ስለሚቆጠር ከጥቅላችሁ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ ያውም ሁለቱ ማሽኖች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው። በነፃ አካውንት ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይልም አይልክም።

ፍላሽ ላይ ትልቁ ጣጣ ኮፒው፣ ማለትም አስመስሎ የተሠራው፣ ነው። 1 ቴራ ፍላሽ በ32 ጊጋ ዋጋ ካቀረቡላችሁ አትንኩት። ውስጡ ያለው ቺፕ ትንሽ ነው፤ መቆጣጠሪያው ግን 1 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጓል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ፋይሉ የተቀዳ ይመስላል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉውን በሚሞላና መልሶ በሚያነብ መሞከሪያ ፈትሹት። ፋይሎችን ደብቆ በሾርትካት የሚተካውን ሾርትካት ቫይረስን እዚህ ላይ ጨምሩ። በፋት32 (በቆየው የፋይል አደረጃጀት) የተፎረማተ ፍላሽ ደግሞ ቦታ እያለውም ቢሆን 4 ጊጋባይት የሚያልፍ ፋይል አይቀበልም።

ኬብልም ኮፒ አለው፤ ገንዘብ በከንቱ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። ካት 6 (የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው) ተብሎ በሜትር በርካሽ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። ሲታጠፍ ይሰበራል፣ አርጄ45 ራሱ ውስጥም ይላላል። ከሰማያዊው ወይም ከቡናማው ጥንድ አንዱ ሲበጠስ መስመሩ ብዙ ጊዜ አይቋረጥም፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ጊጋቢት ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ያኔ በ1 ደቂቃ ተኩል ግድም የሚያልቀው 10 ጊጋባይት 15 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ባለሙያው ሳይሄድ ዊንዶውስ ላይ የኔትወርኩን ፍጥነት አይታችሁ 1 ጊጋቢት ካላለ የኬብሉን ራስ ያስተካክል። ኬብሎቹ የሚሰኩበት ማገናኛ ሳጥን፣ ስዊቹም፣ የጊጋቢት መሆን አለበት፤ ያለዚያ የኬብሉ ወጪ ከንቱ ነው።

ዋይፋይ በፒያሳ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ወፍራም ግድግዳ ስለሚደክም አልመክርም። ቅርንጫፋችሁ ራቅ ብሎ አዘዞ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የዚህ ኬብል ወሰን 100 ሜትር ስለሆነ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር) ተገናኙ፣ ፖርት 22ን ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉ።

የሒሳብ ሶፍትዌሩ መረጃውን የሚያስቀምጥበትን፣ እየሠራ ያለ የዳታቤዝ ፋይል በቀጥታ አትቅዱ፤ መጀመሪያ ባካፑ ሰርቨሩ ላይ ይውጣ። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ዊንኤስሲፒ ትልልቅ ፋይሎችን ካቆሙበት ይቀጥላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ካላችሁ ስዊቹንም እሱ ላይ ሰኩት፤ ብዙ ቢሮ ሰርቨሩንና ኮምፒውተሩን ብቻ ሰክቶ ስዊቹን ይረሳል፣ መብራት ሲሄድ ሁለቱ ማሽኖች በርተው ዝውውሩ ይቆማል።