የሳይኪት-ለርን አይሶቶኒክ ሪግሬሽን፦ መውረድ ለማይገባው መስመር

የልጅ ቁመት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በየወሩ ዕድሜ የተለኩ ልጆችን አማካይ በሰንጠረዥ ስናወጣ ግን መስመሩ ወጣ ገባ ይላል፤ የ17 ወር ልጆች ከ16 ወሮቹ አጥረው ይገኛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ልጆቹ የተለያዩ ናቸው፣ በአንዳንዱ ወር የተለኩት ጥቂት ናቸው፣ ወላጅ ዕድሜ ሲጠየቅም ወደ 12፣ ወደ 24፣ ወደ 36 ማጠጋጋት የተለመደ ነው። ቀጥ ያለ መስመር አይሆነንም፤ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድግበት ፍጥነት በሦስት ዓመቱ የለም። ቅርጹን ለዳታው ትቶ «አትውረድ» ብቻ የሚል ዘዴ ያስፈልጋል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠራ ሰው፣ ሳይኪት-ለርን በተባለው ነጻ የዳታ መሣሪያ ስብስብ ውስጥ የሚገኘው አይሶቶኒክ ሪግሬሽን ለዚህ የተሠራ ነው።

ውስጡ የሚሆነውን በወረቀት መከተል ይቻላል። 2፣ 5፣ 4፣ 3፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች አሉን እንበል። 5 እና 4 ቅደም ተከተሉን ስላፈረሱ አንድ ላይ ተጠቅልለው አማካያቸውን 4.5 ይይዛሉ። ቀጣዩ 3 ከ4.5 ስለሚያንስ እሱም ጥቅሉ ውስጥ ይገባል፤ የሦስቱ አማካይ 4 ነው። ውጤቱ 2፣ 4፣ 4፣ 4፣ 6። ከማይወርዱ መስመሮች ሁሉ ለዳታው በስኩዌር ድምር (ከየነጥቡ ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር) የሚቀርበው ይኸው ነው። የማለስለሻ መጠን ምረጡ የሚል ጥያቄ የለም፣ ፍጥነቱም በጣም ጥሩ ነው። ትልቁ ጥንካሬው ይህ ይመስለናል፦ ሁለት ሰዎች በአንድ ዳታ ላይ ቢሠሩ አንድ ዓይነት መልስ ያገኛሉ።

ሦስት ቦታ ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በየወሩ የተሰላ አማካይ የምትሰጡት ከሆነ የልጆቹን ብዛት «ሳምፕል_ዌይት» በሚለው የክብደት ማስገቢያ አስገቡ፤ ካልሆነ የ4 ልጆች አማካይ ከ40 ልጆች አማካይ እኩል ድምፅ ያገኛል። «አውት_ኦፍ_ባውንድስ» የተባለው ምርጫ ካልተነካ፣ ከተማረበት የዕድሜ ክልል ውጭ ስትጠይቁት «ናን» (ዋጋ የለም) ይመልሳል፤ «ክሊፕ» ብትሉት የዳሩን ዋጋ ይደግማል። መስመሩ ይውጣ ወይስ ይውረድ የሚለውን የሚወስነውን «ኢንክሪሲንግ»ን «አውቶ» ማለት ደግሞ አቅጣጫውን ከስፒርማን ኮሪሌሽን (ሁለት ነገሮች አብረው መውጣት መውረዳቸውን በቅደም ተከተላቸው ከሚለካ ቁጥር) እንዲገምት መፍቀድ ነው። አቅጣጫውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ራሳችሁ ጻፉት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን መሣሪያው የመለኪያ ስህተትን ዝም ብሎ መዋጡ ነው። ከ24 ወር በታች ያለ ልጅ ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል፤ ቆሞ ሲለካ በ0.7 ሴንቲሜትር ያህል ያጥራል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የ24 ወር ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት ተኝቶ 87.8፣ ቆሞ 87.1 ሴንቲሜትር ነው። የ23 ወሩ ተኝቶ 86.9 ስለሆነ የወሩ እድገት እንዳለ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም፤ ትንሽ የአለካክ ግድፈት ሲጨመርበት መስመሩ ይወርዳል። አይሶቶኒኩ ያንን ቁልቁለት ደልዳላ ሜዳ ያደርገዋል፣ ስዕሉን ያየም «እድገት ቆሟል» ብሎ ይተረጉማል። ስለዚህ መጀመሪያ አለካኩን አስተካክሉ፦ ከ24 ወር በታች ሆኖ ቆሞ ለተለካ 0.7 ጨምሩ፣ ከዚያ በላይ ሆኖ ተኝቶ ለተለካ 0.7 ቀንሱ። ከዚያም ረዘም ያለ ሜዳ በታየ ቁጥር ጥሬ ነጥቦቹን ከላዩ ላይ ደርባችሁ እዩ።

ዳርና ዳሩም አይታመንም። የመጀመሪያው ነጥብ በአጋጣሚ ዝቅ ቢል የሚጠቀልለው ጎረቤት ስለሌለ እንዳለ ይቀራል፤ የመጨረሻው ከፍ ቢልም እንዲሁ። የእርግጠኝነት ክልልም (እውነተኛው ዋጋ ሊገኝበት የሚችለውን ወሰን) አይሰጥም። ተራ ቡትስትራፕ (ከዳታው ደጋግሞ በዕጣ እየመረጡ ማስላት) ሠርቶ መሙላት የሚያጓጓ ቢሆንም ለዚህ ዘዴ በየነጥቡ ትክክለኛ ክልል አያወጣም።

አር በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ የሚሠሩ «አይሶሬግ» የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ አብሮ ተጭኖ ያገኛሉ፤ ክብደት ግን አይቀበልም፣ ለሚወርድ መስመርም የዋዩን (የሚገመተውን ዋጋ) የመደመርና የመቀነስ ምልክት መገልበጥ ግድ ይላል። ክብደት ካስፈለገ «አይሶቶን» የተባለው ፓኬጅ ይሻላል። ልዩነታቸውንም ልብ በሉ፦ የአሩ መስመር እንደ ደረጃ ይዘላል፣ ሳይኪት-ለርን በነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይስባል።

ለስለስ ያለ ኩርባ ከነእርግጠኝነት ክልሉ፣ ወይም ከዕድሜ ሌላ ጾታና አካባቢ አብሮ እንዲገባ ለሚፈልግ የአሩ «ስካም» ፓኬጅ ምርጫችን ነው። በውስጡ ካሉት ምርጫዎች «ኤምፒአይ» ለሚወጣ፣ «ኤምፒዲ» ለሚወርድ መስመር ነው። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ ዳታው ሲበዛ ይዘገያል፣ የኩርባውን አቅም የሚወስነውን «ኬ» አሳንሳችሁ ከሰጣችሁትም የመጀመሪያዎቹን ወራት ፈጣን እድገት ይቆርጠዋል።