የልጄን አፍ ላስፈታ ሄጄ የእኔን ዘግተው ላኩኝ

ንግግር የዘገየባቸውን ልጆች በጨዋታ አፍ ስለሚያስፈታው የቅዳሜ ጨዋታ ቤት የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እጽፋለሁ እጽፋለሁ ስል ከረምኩ። ዛሬ ልጄ ተኝቷል፣ መብራትም አለ፣ ይኸው። ስሙን ግን አልጠራም፤ የማማርርበት ነገር ስላለኝ በአደባባይ ስም ማጥፋት እንዳይሆንብኝ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ሐዋሳ ነው፣ ከአቶቴ ገባ ብሎ፣ ባጃጅ በሩ ድረስ ያደርሳችኋል። አንዱ ቅዳሜ 500 ብር ነው፣ ግን የሚመዘግቡት ለ8 ቅዳሜ ስለሆነ 4,000 ብር በአንዴ ትከፍላላችሁ። ልጁ ታሞ ቢቀር ገንዘቡ አይመለስም። እኛ አንዱን ቅዳሜ በጉንፋን በልተናል።

ለምን ሄድኩ? ማሙሽ 2 ዓመት ከ2 ወር ሲሆነው የሚናገረው ነገር በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነበር። እማ፣ እንካ፣ እምቢ፣ «ውኣ» (ውሃ ማለቱ ነው)፣ ባጃጅ ሲያይ ደግሞ «ባባ»። ከዚያ ውጪ እጄን ይዞ ይጎትተኛል፣ በጣቱ ያሳየኛል፣ ካልገባኝ መሬት ላይ ይንከባለላል። የሚያስቀው፣ ኤ ቢ ሲ ዲን ከዳር እስከ ዳር ይዘፍናታል። ውሃ ስጪኝ የማይል ልጅ «ደብሊው» ይላል! ከስልክ ነው። ሥራ ውዬ ስመጣ ሞግዚቷ ደክሟት ስልኩን ሰጥታዋለች፣ እኔም እራት እስኪደርስ አልቀማውም፣ እውነቱ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (በፈረንጆቹ) ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ይህን ያነበብኩትም በስልክ ነው፣ ማሙሽ አጠገቤ ሆኖ በሌላ ስልክ ሲያይ።

ቤተሰብን ደግሞ ታውቁታላችሁ። አማቴ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም አፉን የፈታው በ4 ዓመቱ ነው» አሉኝ። ጎረቤቴ ምላሱ ሥር ያለችው ክር ትቆረጥ አለች። ባሌ ዝም። እኔ ግን አብዛኛው ልጅ 1 ዓመት ሲሞላው ገደማ የመጀመሪያ ቃሉን እንደሚል፣ 2 ላይ ደግሞ «አባ መጣ» ዓይነት ሁለት ቃል ማገናኘት እንደሚጀምር ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ልጅ ሁሉ እኩል አይሄድም፣ ልክ ነው። ግን እስኪመጣ ተቀምጦ መጠበቅ አልዋጥልኝ አለ።

የመጀመሪያው ቀን ቅር ብሎኝ ነው የተመለስኩት። የሚያበራና የሚጮህ መጫወቻ የሞላበት ክፍል ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ምንጣፍ፣ የወተት ጣሳ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ኳስ፣ የሳሙና አረፋ መንፊያ፣ የፕላስቲክ ላምና ዶሮ፣ አንድ ያረጀ ጋቢ። ባትሪ ያለው አንድ ነገር የለም። «ይሄ ሁሉ እኮ ቤቴም አለ» አልኩ በልቤ። ቆይቼ ስጠይቅ ሆን ብለው ነው፤ መጫወቻው ራሱ የሚያወራ ከሆነ ልጁም እናቱም ዝም ብለው ያዩታል አሉኝ። ቤት ያለውን የሚዘፍን ሰሌዳ አሰብኩና ዝም አልኩ። 1,200 ብር ነው የገዛሁት።

ከዚያ ስፒች ቴራፒስቷ (የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ) መጣችና «የማሙሽ እናት፣ እስቲ 5 ደቂቃ አብረሽው ተጫወቺ፣ እኔ ዳር ሆኜ ልይ» አለችኝ። እኔም ጎበዝ እናት ነኝ ብዬ ጀመርኩ። ይሄ ምንድነው? ላም ምን ትላለች? ቀለሟስ? ስንት እግር አላት? በል እምቧ በል! በል እንጂ! ማሙሽ ላሟን ወርውሮ ወደ ጣሳዎቹ ሄደ። ሴትዮዋ ለካ ወረቀት ላይ ጭረት ታሰምራለች። 31 ጥያቄ፣ በ5 ደቂቃ። «ማትሪክ እያስፈተንሽው ነው እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ተራዋን ወሰደች። መጀመሪያ መሬት ላይ በደረቷ ተኛች፣ ፊቷ ከፊቱ እኩል እንዲሆን። አረፋውን ሁለት ሦስቴ ነፋችለት። ከዚያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘጋችና ጠርሙሱን ለእሱ ሰጠችው። ዝም። ፊቱን እያየች ዝም። እኔ «ክፈቺልኝ በላት!» ልል አፌን ስከፍት በዓይኗ ገሠጸችኝ። በልቧ እስከ 10 ትቆጥራለች አሉ፤ ያቺ 10 ደግሞ የዕቁብ ዕጣ ከመጠበቅ ትረዝማለች። ማሙሽ ጠርሙሱን አገላበጠው፣ ሊነክሰው ሞከረ፣ እሷን አያት፣ መልሶ ሰጣትና «ኡፍ» አለ። ወዲያው «ኡፍ! ንፊልኝ!» ብላ ነፋችለት። እንደገና ዘጋች። እንደገና ዝም። በአራተኛው ዙር ሳትጠብቀው «ኡፍ ኡፍ» እያለ እጇን ይጎትታል።

ገንዘቡን የከፈልኩት ለዚያ ዝምታ ነው ብል ማጋነን አይደለም። እኔ ልጄ ገና ሳያስበው ሁሉንም ነገር ቀድሜ አቀርብለት ነበር። ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃ። ብስኩት ያያል፣ ብስኩት። ለምን ብሎ ይናገር?

ሌላ የገረመኝ ነገር። ማሙሽ እኔን ሲጠራኝ «ና» ነበር የሚለኝ። «ነይ» ሳይሆን «ና»። ቤት ያለው ሰው ሁሉ እሱን «ና» ነዋ የሚለው! ቋንቋችን ለወንድና ለሴት ስለሚለያይ ልጁ የሚሰማው ለእሱ የሚባለውን ነው፣ እሱ ለእኔ ሊለው የሚገባውን ማን ይበልለት። ስለዚህ ቃሉን እሱን ሆናችሁ በሉለት አለች ቴራፒስቷ። ጫማውን ይዞ ሲመጣ «ና ላድርግልህ» ብቻ አይደለም፣ አንዴ በእሱ ቦታ ሆኖ «አድርጊልኝ» ማለት፣ ከዚያ ማድረግ። ድገም ብሎ ማስጨነቅ የለም። ይህን በእንግሊዝኛ ቪዲዮ ስፈልግ ብከርም አላገኘውም ነበር፣ እዚያ «ና»ም «ነይ»ም አንድ ነው።

ስህተቱንም አታርሙ አሉን፣ በትክክሉ መልሳችሁ በሉት እንጂ። አንድ ቅዳሜ ከዚያ ወጥተን ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል መናፈሻ ወሰድነውና ጦጣ መጥታ የአባቱን ሙዝ ቀማችው። ማሙሽ በሳቅ ፈርሶ «ቶታ! ቶታ!»። ጠ ገና አትወጣለትም፣ የብዙ ኮልታፋ ልጅ ነገር ነው። ባሌ «ቶታ አይደለም፣ ጦ፣ ጦ በል» ሊል ሲጀምር በክርኔ ጎሸምኩትና «አዎ፣ ጦጣ! ጦጣዋ ሙዝ ወሰደች!» አልኩ። እሱ ያላትን አንድ ቃል ይዞ አንድ ሁለት ቃል ጨምሮ መመለስ ነው ነገሩ። ባሌ እስከ ዛሬ የሚያወራው ግን ስለ ሙዙ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ጋቢውን ነው። አኩኩሉ። እኛ ልጆች ሆነን የተጫወትነው ያው አኩኩሉ! አንዷ ረዳት ጋቢ ውስጥ ትደበቃለች፣ ሌላዋ «ኩኩሉ!» ትላለች፣ ከውስጥ «አልነጋም!»። «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» እየተባባሉ ልጆቹ ዜማው ጆሯቸው ውስጥ ሲገባ ድንገት የጋቢዋ ሴትዮ ዝም ትላለች። «ኩኩሉ!» ይባላል፣ መልስ የለም። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። በአራተኛው ቅዳሜ ከዚያ ዝምታ መሐል የእኔ ልጅ በትልቅ ድምፅ «አጋም!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አልነጋም ማለቱ ነው እንግዲህ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን አኩኩሉ ስሟ «አጋም» ሆናለች፣ አማቴ ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው «አጋም» ይላሉ።

አሁን ወደ ምሬቴ። ቴሌግራም ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ስፒች ቴራፒስት በየሳምንቱ ያለች ያስመስላል። የምትመጣው በየሁለት ሳምንቱ ነው። በሌሎቹ ቅዳሜዎች ያሉት የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ናቸው፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ያው አይደለም። አገራችን ውስጥ የዚህ ሙያ ሰው ጥቂት እንደሆነ ይገባኛል፤ እውነቱን ጽፈው ቢያስከፍሉኝ ቅር አይለኝም ነበር። 8 ልጅ ብቻ ነው ያሉትም አንድ ቀን ቆጥሬ 14 አግኝቻለሁ፣ የ1 ዓመት ተኩልና የ5 ዓመት ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ። ትልልቆቹ መልሱን ሁሉ ቀድመው ይጮኹታል፣ ትንንሾቹ ጣታቸውን ይጠባሉ።

ጭራሽ ያናደደኝ፣ በምዝገባ ቀን ስለ ጆሮ የጠየቀኝ የለም። ንግግር ለዘገየበት ልጅ መጀመሪያ የሚታየው እኮ መስማቱ ነው! ጉንፋን በተደጋገመበት ልጅ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል፤ ያኔ ድምፅ የሚሰማው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው፣ እናት ደግሞ «ሲጠሩት ይዞራል» ብላ ትቀመጣለች። እኔ በራሴ ጊዜ አስመርምሬው ደህና ነው ተብያለሁ። እናንተም 4,000 ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያ ጀምሩ። ደግሞ ልጁ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ በጣቱ የማያሳይ ከሆነ፣ ወይም ይላቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ይህ የቅዳሜ ጨዋታ ጉዳይ አይደለም፣ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው።

የቋንቋው ነገርም አለ። በሩ ላይ በትልቁ «ዳኤ ቡሹ» (በሲዳምኛ እንኳን ደህና መጣችሁ) ተብሎ ተጽፏል፣ ደስ ይላል። ውስጥ ስትገቡ ግን መጠበቂያው ላይ ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝኛ የልጆች መዝሙር ይጮሃል (ስክሪን ይቀንስ የሚሉን እነሱ!)፣ አስተዳዳሪው ደግሞ አንዷን እናት «በሲዳምኛ ማውራቱን ተዪው፣ ልጁን ያደናግረዋል፣ አንድ ቋንቋ ምረጪ» ሲላት ሰማሁ። ስህተት ነው። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። እንዲያውም ቃላቱ ሲቆጠሩ የሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ ነው። ሐዋሳ ላይ ከአያቱ በሲዳምኛ፣ ከጎረቤት በወላይትኛ፣ ከሰፈር ልጅ በአማርኛ የሚያወራ ልጅ ሞልቷል፣ ማን ተደናገረ? ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ተከትያት ወጥቼ ቴራፒስቷን ጠይቂያት አልኳት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትጠይቃት ቴራፒስቷ «በሚቀልልሽ ቋንቋ አውሪው» ብላታለች።

የማመሰግናቸው ነገር ደግሞ ሞግዚቷን ይዤ ልምጣ ስላቸው ያለ ተጨማሪ ክፍያ መፍቀዳቸው ነው። ቀኑን ሙሉ አብራው የምትውለው እሷ ናት፣ እኔ ብቻ ተምሬ ምን ዋጋ አለው። ደግሞ ከእኔ በለጠች። ሽንኩርት ስትልጥ «ላጥን፣ ላጥን፣ አለቀ!»፣ ልብስ ስታሰጣ «የማሙሽ ሱሪ፣ የአባ ሱሪ፣ ትልቅ ሱሪ!» እያለች ታወራለታለች። ቡና ሲፈላ ስኒ የሚያድለው እሱ ነው፣ ባዶውን ማለቴ ነው። «ለአባ፣ ለእማ» እያለ ያስቀምጣል። ሆን ብላ አንዱን ስኒ ትደብቅና ዝም ትላለች። እሱ ይፈልጋል፣ ያያታል፣ «ስኒ የለም!» ይላል። ሁለት ቃል!

አሁን 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል፣ ማቀዝቀዣው ላይ እየጻፍን 46 ቃል ደርሰናል። ከጨዋታው ይሁን ጊዜው ደርሶ ይሁን መማል አልችልም፤ አማቴ «ብዬሽ ነበር» ብለውኛል። የሚዘፍነው ሰሌዳ ባትሪው ወጥቶ ትሪ ሆኖ እያገለገለ ነው።

ከ5 ኮከብ 3 ተኩል እሰጣለሁ። ሁለተኛውን ዙር አልመዘገብም፣ የሚፈለገውን ይዘን ወጥተናል። እናንተ ከሄዳችሁ ግን ቴራፒስቷ ያለችበትን ቅዳሜ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ለልጁ ትርፍ ልብስ ያዙ፣ አረፋው ልብስ ያረጥባል። ጠዋት 3 ሰዓት ይጀመራል ይላሉ፤ 3 ተኩል ብትደርሱም ገና ምንጣፍ እያነጠፉ ታገኟቸዋላችሁ።