ሁዋዌ ኢ173 የዩኤስቢ ሞደም በሊኑክስ ላይ፦ ከአንድ ወር አጠቃቀም በኋላ

ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ያገለገለ ሁዋዌ ኢ173 ሞደም (ሲም ካርድ ገብቶበት ለኮምፒውተር ኢንተርኔት የሚያመጣ ዕቃ) ስገዛ፣ ላፕቶፔ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በተባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና እንደሚሠራ የሰማው ሻጭ «ሊኑክስ ላይማ አይሠራም፤ አብሽር፣ ዊንዶውስ እጭንልሃለሁ» አለኝ፤ የመጫኛውንም ዋጋ አብሮ ነገረኝ። እኔ ግን ሞደሙን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ወር ሙሉ ስጠቀምበት ከቆየሁ በኋላ ሻጩ መሳሳቱን አረጋግጫለሁ፤ ለስህተቱ ምክንያት እንዳለው ግን አልክድም።

ሞደሙ ሲሰካ መጀመሪያ ራሱን ለኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቀው እንደ ሲዲ ማጫወቻ ነው። በዚያ «ሲዲ» ውስጥ የተቀመጠው የዊንዶውስ መጫኛ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ሊኑክስ ላይ የሰካው ሰው ከሲዲ ምልክት በቀር ምንም አያይና ዕቃው አይሠራም ብሎ ይመልሰዋል። ይህን የሚፈታው ዩኤስቢ ሞድስዊች የተባለ አነስተኛ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ ለመሣሪያው አጭር መልእክት ልኮ ከሲዲነት ወደ ሞደምነት ይቀይረዋል። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ እኔ ግን ሌላውን ዓይነት፣ ዴቢያንን፣ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ስለ ጫንሁ አልነበረኝም። ኢንተርኔት የሚያመጣውን ዕቃ ለማሠራት ኢንተርኔት ማስፈለጉ ያስቃል። ስልኬን በገመድ አገናኝቼ ዳታውን ለላፕቶፑ በማጋራት፣ ይህን ፕሮግራምና ሞደሙን የሚያስተዳድረውን ሞደም ማናጀርን አውርጄ ጫንሁ።

ሞደሙን ነቅዬ ከመስካቴ በፊት የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች የሚዘረዝረው «ኤልኤስዩኤስቢ» (lsusb) የተባለው ትእዛዝ ያሳየኝ መለያ 12ዲ1፡1446 ነበር፤ መልሼ ሰክቼ ጥቂት ሰከንድ ቆይቼ ብጠይቀው 12ዲ1፡1436 ሆኗል። የፊተኛው ክፍል የአምራቹ መለያ ስለሆነ አይለወጥም፤ የኋለኛው መለወጡ ግን መሣሪያው ሞደም ሆኖ መነሣቱን ያሳያል። ይህ ቁጥር ሳይለወጥ ሌላውን ቅንብር መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው፦ የሊኑክስ የኔትወርክ ማስተካከያ በሆነው ኔትወርክ ማናጀር ላይ የሞባይል ብሮድባንድ ግንኙነት ከፍቼ በኤፒኤኑ (የቴሌኮሙ የኢንተርኔት መግቢያ ስም) ቦታ የኢትዮ ቴሌኮሙን ኢቲሲ ዶት ኮም (etc.com) ጻፍሁ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ባዶ ተውሁ፣ ተገናኘ።

ሞደሙ የ3ጂ ስለሆነ በወረቀት ላይ እንኳ በሰከንድ ከ7.2 ሜጋቢት አያልፍም። ለኢሜይል፣ ለሰነድና ለዜና ንባብ ይበቃኛል፤ የቪዲዮ ስብሰባ የሚያዘወትር ሰው ግን የ4ጂውን ይፈልግ። ዋናው ጥንቃቄ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ቤቴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ግድግዳው የድንጋይ፣ ክፍሌም ምድር ቤት ስለሆነ ሲግናሉ ደካማ ነው፤ ሲግናል ሲደክም ደግሞ ሞደሙ ጉልበቱን ጨምሮ ስለሚያስተላልፍ ብዙ ኃይል ይስባል። መጀመሪያ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ በሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ከመዳፊቱና ከፍላሹ ጋር ስለ ሰካሁት በየጊዜው ይቋረጥ ነበር፤ አንዱ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ የሚሰጠውን 500 ሚሊአምፔር ሁሉም ይሻሙበት ኖሯል። አሁን ላፕቶፑ ላይ በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ብቻውን ሰክቼ መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠብኝም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የራሱን ሲም አስገብቶ ይሞክር፤ ከውጭ የመጡት አንዳንዶቹ ለሌላ አገር ኔትወርክ የተቆለፉ ናቸው፣ ያንን ደግሞ ሊኑክስም ዊንዶውስም በራሱ አይከፍተውም።