ያገለገለ ስፒድማስተር ገዝቼ 14 ወር አሰርኩት

የሰዓት ሰሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ፒያሳ ላይ ከ30 ዓመት በላይ የሰው ሰዓት ሲጠግን ኖሯል፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው እሱ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነበር። ሲኮውም ሲቲዝኑም በየቀኑ ይመጣል፤ ኦሜጋ የመጣ ቀን ግን እጁን ታጥቦ ነበር የሚከፍተው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ኦሎምፒክ ሰዓት ለኪ ኦሜጋ እንደነበር ለደንበኛው ሁሉ ሳይነግር አያልፍም። ስለዚህ እዚህ ቨርጂኒያ ከባድ መኪና እየነዳሁ ትንሽ ትንሽ ሳጠራቅም የምገዛው ሰዓት ከድሮ የተቆረጠ ነበር፤ ኦሜጋ ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል፣ በእጅ የሚሞላው።

አዲሱን ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ልቤም ያለው እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ላይ ሳይሆን ከሱ በፊት በነበረው፣ 1861 የሚባለው ማሽን ባለበት ላይ ነው። የሞዴል ቁጥሩ 3570.50 ነው። የብረቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር፣ ፊቱ ጥቁር፣ መስታወቱ ፕላስቲክ።

የዚህን ሰዓት ታሪክ የማያወራ ሻጭ የለም፤ ዋጋ የሚጨምሩትም በሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ለመኪና ውድድር ተብሎ ወጣ፣ በ1965 ናሳ ፈትኖ ተቀበለው፣ በ1969 በዝ ኦልድሪን አስሮት ጨረቃ ላይ ወረደ። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ የ1970ው ነው። አፖሎ 13 የኦክስጅን ታንኩ ፈንድቶ ወደ ምድር ሲመለስ፣ አቅጣጫ ለማስተካከል ሞተሩን ለ14 ሰከንድ ብቻ ማስነሳት ነበረባቸው። ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያዎቻቸውን አጥፍተው ስለነበር ያችን 14 ሰከንድ የቆጠሩት በእጅ ሰዓት ነው። አንዴ ተጭነው አስነሱ፣ አንዴ ተጭነው አቆሙ። ክሮኖግራፍ፣ ማለትም ተጭነው የሚያስነሱትና የሚያቆሙት ቆጣሪ ያለው ሰዓት፣ የተሠራው ለዚህ ነው። ያገለገለ ክሮኖግራፍ ሊገዛ የሚሄደው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የብረቱን ማብረቅረቅ ነው፤ ቆጣሪውን አስነስቶ ቆሞ የሚጠብቅ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ዲሲ ውስጥ ያለ ሱቅ ያሳየኝ ሰዓት ከሩቅ ሲያዩት አዲስ ይመስል ነበር። የስፒድማስተር ማሰሪያ የሚያያዝባቸው አራቱ ቀንዶች ጠመዝመዝ ብለው ነው የሚወርዱት። የተቦረሸው ጎንና የሚያብረቀርቀው ጠርዝ የሚገናኙበት መስመር እንደ ቢላ አፍ ስል መሆን አለበት። እዚያ ሰዓት ላይ መስመሩ ጠፍቶ ቀንዶቹ እንደ ቆየ ሳሙና ሟሙተዋል። በተደጋጋሚ ተፍቋል ማለት ነው፤ የተፋቀ ብረት ደግሞ አይመለስም። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. የ2006 የዋስትና ካርድና ሳጥን አለው፤ የተጠየቀው 4,100 ዶላር ነው። ቀንዶቹ ጭረት በጭረት ናቸው፣ መስመራቸው ግን አልተነካም። እሱን ሳይ ደስ አለኝ። አባቴ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ከዚያ መስታወቱን በማጉያ አየሁ፤ በኦሪጅናሉ ፕላስቲክ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ብርሃን በደንብ ካላገኘች በዓይን የማትያዝ የኦሜጋ ምልክት ተቀርፃለች። ነበረች።

ከዚያ የላይኛውን ቁልፍ ተጫንኩ። ትንሽ እምቢ ብሎ ቆይቶ ቀጭ አለ፤ ረጅሙ ነጭ ቆጣሪ ተነሳ። በ9 በኩል ያለችው ትንሿ ክብ ሁልጊዜ የምትሄደው ሰከንድ ናት። በ3 በኩል ያለችው እስከ 30 ደቂቃ ትቆጥራለች፤ ረጅሙ ዙሩን ሲጨርስ ጠብቃ አንድ እርምጃ ትዘላለች። በ6 በኩል ያለችው እስከ 12 ሰዓት ትሄዳለች። ሻጩ እያየኝ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጠበቅሁ። ዝላይዋ አምስቱንም ጊዜ ንፁህ ነበር። አቁሜ የታችኛውን ቁልፍ ስጫን ሁሉም ባንዴ ወደ ዜሮ ተመለሱ፤ ረጅሙ ብቻ ከመስመሩ የፀጉር ያህል ወደ ቀኝ አለፍ ብሎ ቆመ።

ጠየቅሁት። «ባለፈው ዓመት ሰርቪስ ተደርጎለታል፤ ይሄ ምንም ማለት አይደለም» አለኝ። ደረሰኙስ ስለው «የራሳችን ሠራተኛ ነው የሠራው» አለ። 3,850 ላይ ተስማማን። የተናገረውን በጽሑፍ ስጠኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

የዚያን ዕለት ማታ አራት ሰዓት ላይ አባቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። አዲስ አበባ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ እሱ ቡና እየጠጣ ነበር። ሰዓቱን አገላብጬ አሳየሁት።

«ፊቱ ያምራል። እንኳን ደስ ያለህ ልጄ» አለኝ። «አሁን ግን አትሰረው። ሁለት ሌሊት ጠረጴዛ ላይ አሳድረው። አንዱን ሌሊት ቆጣሪውን አስነስተህ፣ ሌላውን ሌሊት አቁመህ። ጠዋት ጠዋት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።»

የመጀመሪያው ሌሊት ሰላም ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ሁሉንም ዜሮ ላይ መልሼ፣ ሞልቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ረጅሙ ቆጣሪ ባለበት ነው፣ ደቂቃዋም ባለችበት ናት። በ6 በኩል ያለችው የሰዓት ቆጣሪ ግን ማንም ሳይነካት ከ1 አልፋ ወደ 2 እየሄደች ነበር።

አባቴ ፎቶውን እንዳየ ወዲያው ደወለ። ያቺ ትንሽ ቆጣሪ ኃይሏን የምታገኘው በቀጥታ ከስፕሪንጉ ቤት በሰበቃ ነው፤ ክሮኖግራፉ ሲቆም አንዲት ፍሬን ይዛ ታስቆማታለች። ዘይቱ ሲደርቅና ቅባቱ ሲጋገር ሰበቃው ፍሬኑን ያሸንፈዋል፣ እሷም ሳትታዘዝ ትሳባለች። «ይሄ ሰዓት ባለፈው ዓመት አልተከፈተም» አለኝ። ድምፁ የተቆጣ ነበር፤ የተቆጣው በእኔ አይደለም፣ ሳይሠሩ ሠራን በሚሉት ነው። አባቴ የከፈተውን ሰዓት ሁሉ ክዳኑ ውስጥ ቀኑን በመርፌ ጭሮ ነበር የሚዘጋው።

ፎቶዎቹን ይዤ ተመለስኩ። ሱቁ መጀመሪያ የሰጠኝ መልስ ዋስትናችን ሰዓቱ መሄዱን እንጂ ቆጣሪዎቹን አይመለከትም የሚል ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ዕቃው የተሸጠልኝ ክሮኖግራፍ ተብሎ ነው፣ የከፈልኩትም የክሮኖግራፍ ዋጋ ነው። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ በመጨረሻ እኔ የመረጥኩት ባለሙያ ይሥራው፣ የሰርቪሱን ግማሽ እኛ እንክፈል አሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ብቻቸውን የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሰሪ ጋ ወሰድኩት። ክዳኑን ከፍተው በማጉያ አሳዩኝ፤ ዘይት መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ቡናማ ቅርፊት ነበር። አምስት ሳምንት ፈጀ፣ 700 ዶላር ሆነ፣ 350ውን ሱቁ ከፈለ። ረጅሙ ቆጣሪም አሁን ልክ መስመሩ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ ጠቅላላ 4,200 ዶላር ወጥቶብኛል። ሰዓቱ ራሱ ያወጣል ወይ ለሚል፣ ያወጣል። በቀን አራት ሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን መልካም ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናው እስኪሞቅ እሞላዋለሁ፣ ረስቼው ብውል እንኳ እስከ ሁለት ቀን ይሄዳል።

ኢንተርስቴት 81 ላይ ማታ ማታ መንገዱ ሲለቅ አንድ ነገር አደርጋለሁ። የማይል ምልክቱን ሳልፍ የላይኛውን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ቀጣዩ ምልክት ላይ ደግሜ እጫናለሁ። ቆጣሪው 56ኛው ሰከንድ ላይ ከቆመ በዙሪያው ካለው ጥቁር ቀለበት ላይ የሚያመለክተው 64ን አለፍ ብሎ ነው፤ በሰዓት 64 ማይል እየሄድኩ ነው ማለት ነው። ዳሽቦርዱን ሳየው ይስማማሉ። ባትሪ የለ፣ ሳተላይት የለ፣ ጠዋት በአውራ ጣቴ የሞላሁት ስፕሪንግ ነው ይህን የሚነግረኝ። ይህን ባደረግሁ ቁጥር ደስታው አይቀንስብኝም።

ፕላስቲክ መስታወቱን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ የምወደው ሳፋየር የሚባለው ጠንካራ መስታወት ካለበት አስበልጬ ነው። ክረምት ላይ የመኪናው በር ጠርዝ አግኝቶት ከ2 እስከ 4 የሚደርስ ጭረት ወጣበት። አባቴ በጥርስ ሳሙና ነበር የሚያሸው፤ እኔ ፖሊዋች የሚባለውን ክሬም በጥጥ ጨርቅ አምስት ደቂቃ አሸሁት፣ ጭረቱ ጠፋ። ሳፋየር ቢሆን ላይጫር ይችል ነበር፣ ከተጫረ ግን መቀየር ነው።

የማልወድለትም አለ። መሙያውን ስትስቡት ሰከንዱ ስለማይቆም ከስልክ ጋር በሰከንድ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። 50 ሜትር ውሃ ይችላል ተብሎ የሚሸጥ ቢሆንም፣ የዚህን ዕድሜ ሰዓት እኔ ዕቃ ሳጥብ እንኳ አወልቀዋለሁ። የብረት ማሰሪያው በበጋ ሙቀት እጅ ሲያብጥ ያጠብቃል፤ 20 ሚሊ ሜትር የቆዳ ማሰሪያ ገዝቼ ከግንቦት እስከ መስከረም በሱ ነው የማስረው። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ብቻ ነው በደንብ የሚታየው።

ሰዓቱን ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ሱቁን ሁለት፤ ሁለቱም ግማሹን ስለከፈሉ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ተመሳሳይ ሰዓት ፈልጎ እዚያው ሱቅ አብረን ሄድን። ሻጩ ያው ነው፣ ቃሉም ያው ነው፤ ሰርቪስ ተደርጎለታል አለ። ጓደኛዬ እሺ፣ መቼ እንደተሠራና ቆጣሪዎቹም እንደሚሠሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ አለው። ሻጩ ሰዓቱን ቬልቬቱ ላይ መልሶ አስቀመጠና ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ሰርቪስ ያልተደረገለት ብለን እንጻፈውና 500 ዶላር እንቀንስልህ» አለ።