ፎርማት ከማስደረግ በፊት፦ ቫይረስ የሚያጸዱ ነፃ ሬስኪው ዲስኮች ለሀዋሳ ኮፒ ቤቶችና ተማሪዎች

ሀዋሳ ውስጥ ኮምፒውተሩ በቫይረስ የተያዘበት ሰው ከጥገና ቤት ቶሎ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ባለሙያው ሲ ድራይቭን አጥፍቶ አዲስ ዊንዶውስ ይጭናል፤ ዲ ድራይቭን ግን የባለቤቱ ፎቶና ሰነድ ስላለበት አይነካውም። ብዙ ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል። እንደ ሳሊቲና ራምኒት ያሉ ፋይል የሚበክሉ ቫይረሶች በዊንዶውስ ፎልደር ብቻ አይወሰኑም፤ ዲ ላይ ተከማችተው በሚቆዩት የፕሮግራም መጫኛዎች ውስጥም ይገባሉ። ፎርማት በተደረገው ማሽን ላይ ፓወር ግዕዝን ወይም የፕሪንተር ድራይቨርን ከዲ ለመጫን ሁለቴ ክሊክ ሲደረግ ቫይረሱ ወደ አዲሱ ዊንዶውስ ይሻገራል። የፎርማቱ ገንዘብና የጠፋው የሥራ ቀን በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ሬስኪው ዲስክ የሚለየው ኮምፒውተሩን ከፍላሽ በማስነሳቱ ነው። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ አይነሳም፤ ዊንዶውስ ካልተነሳ ቫይረሱም አይሠራም። ራሱን መደበቅም ሆነ አንቲቫይረስ መዝጋት አይችልም። ሳሊቲ ታስክ ማናጀርን፣ ሬጂስትሪ ኤዲተርንና ሴፍ ሞድን ስለሚያሰናክል ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ እሱን ማባረር ብዙ ጊዜ ፍሬ የለውም። ከውጭ በተነሳ ሲስተም ግን ሲ ድራይቭም ዲ ድራይቭም አብረው ይፈተሻሉ።

እዚህ የሚመዘኑት ካስፐርስኪ ሬስኪው ዲስክ፣ ዶክተር ዌብ ላይቭዲስክ እና ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ናቸው። ሦስቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፦ በዩኒቨርሲቲው በር አካባቢም ሆነ በፒያሳ የደንበኛ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ የሚሰካበት ኮፒ ቤት ካስፐርስኪን በፍላሽ አዘጋጅቶ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ላፕቶፑ አሁንም በደንብ የሚነሳለት የዊንዶውስ 10 ወይም 11 ተጠቃሚ ተማሪ ደግሞ ምንም ሳያወርድ በዲፌንደር ኦፍላይን ይጀምር።

ካስፐርስኪ ሬስኪው ዲስክ ጄንቱ ሊኑክስ በተባለ፣ ከዊንዶውስ የተለየ ነፃ ሲስተም ላይ የተሠራ ነው። የአይኤስኦ ፋይሉ (ወደ ፍላሽ የሚጻፈው ሙሉ የዲስክ ቅጂ) ከ600 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም አንዴ ከወረደ ለጎረቤት ሱቅም ይተርፋል። መውረድ ያለበት ከኩባንያው ድረ ገጽ ብቻ ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ ሰው የለጠፈውን አይኤስኦ ወስዶ ቫይረስ ለማጽዳት መሞከር የማይገባ ድፍረት ነው፤ ውስጡ ምን እንደተጨመረበት ማወቂያ የለውምና።

ከፍላሹ ሲነሳ ቁልፍ እንዲነኩ ይጠይቃል፤ ካልነኩት ወደ ሃርድ ዲስኩ ያልፍና ዊንዶውስ ይከፈታል። ብዙ ሰው «ፍላሹ አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ቋንቋ ያስመርጣል፤ አማርኛ የለውም፣ እንግሊዝኛው ግን ከባድ አይደለም። ግራፊክ ሞድ ከተመረጠ በኋላ ስክሪኑ ጠቁሮ ከቀረ የቪዲዮ ካርዱን አላወቀውም ማለት ስለሆነ እንደገና አስነስቶ ሊሚትድ ግራፊክ ሞድ የሚለውን መምረጥ ነው።

መፈተሻው ሲከፈት በቀጥታ ስታርት ስካን መጫን ስህተት ነው። መጀመሪያ ቼንጅ ፓራሜተርስ ውስጥ ተገብቶ የቡት ሴክተሩ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነበበው የዲስክ ክፍል) እና ሁሉም ድራይቮች ምልክት እንደተደረገባቸው ይታይ። ዲ ካልተመረጠ መግቢያው ላይ ወደ ተነገረው ችግር መመለስ ነው። ከ500 ጊጋባይት በላይ የሆነና ብዙ ፋይል የተከማቸበት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰዓታት ስለሚወስድ ሱቅ ሲዘጋ አስጀምሮ ማሳደር ይመረጣል፤ በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ዴስክቶፑ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ፍተሻው መሐል ላይ ቢቋረጥ ጉዳቱ ጊዜ ማባከን ብቻ ነው፤ ፋይል እያከመ ሳለ ከተቋረጠ ግን ያ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ፍተሻው ሲያልቅ የተገኙት ዝርዝር ይወጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያጸዳ ቁልፍ አለ፤ ከመንካቱ በፊት ግን ዝርዝሩን ማንበብ ግድ ነው። ፋይል በሚበክል ቫይረስ የተያዘ የዊንዶውስ ፋይል መታከም እንጂ መሰረዝ የለበትም፤ ሲስተም 32 ፎልደር ውስጥ ያሉትን ዝም ብሎ የሚሰርዝ ሰው በማግስቱ ዊንዶውስ አልነሳ ይለዋል። የማይታከመው መጀመሪያ ወደ ኳራንቲን፣ ማለትም ተለይቶ ወደሚታሰርበት ቦታ፣ ይቀዳ። ዊንዶውስንና ኦፊስን ያለ ፈቃድ የሚያስከፍቱ ክራኮችም ዝርዝሩ ውስጥ በብዛት ይወጣሉ። እነዚህን «የታወቁ ናቸው» ብሎ መዝለል የተለመደ ነው፤ ግን ቫይረስ ወደ ማሽን ከሚገባባቸው ዋና በሮች አንዱ ክራክ ስለሆነ መዝለሉ አይመከርም።

ዳታቤዙን ለማደስ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። የላፕቶፑን ዋይፋይ ካላወቀው የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ተሰክቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ይከፈት፤ ሊኑክሱ እንደ ገመድ ኔትወርክ አድርጎ ይቀበለዋል። አፕዴቱ እምቢ ካለ የማሽኑ ሰዓት ይታይ። የቆዩ ዴስክቶፖች የማዘርቦርድ ባትሪያቸው ሲያልቅ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ደኅንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት መፍጠር አይችሉም። ሲአር 2032 የተባለችውን ክብ ባትሪ መቀየር ይህንንም፣ የቡት ቅደም ተከተሉ በየጊዜው መጥፋቱንም አብሮ ይፈታል።

ስለ ካስፐርስኪ መታወቅ ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. የኩባንያው ምርቶች አሜሪካ ውስጥ እንዳይሸጡ አግዷል። እገዳው እዚህ አገር ያለን ኮፒ ቤት አይመለከትም፤ በአሜሪካ ድጋፍ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ያለ ሠራተኛ ግን የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ ሳይጠይቅ አይጠቀምበት።

የሬስኪው ዲስክ ሥራ የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ በፕሮግራሙ ድክመት ሳይሆን በዊንዶውስ አዘጋግ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 በፋስት ስታርትአፕ ምክንያት ሻት ዳውን ሲባሉ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ ከፊላቸውን ዲስኩ ላይ አስቀምጠው ይተኛሉ። ሊኑክስ እንዲህ የተተወ ድራይቭ ላይ ለመጻፍ አይደፍርም፤ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። ውጤቱም ቫይረሱ ይታያል፣ አይሰረዝም። መፍትሔው ሺፍት ተጭኖ ይዞ ሻት ዳውን ማለት ወይም ሪስታርት መጠቀም ነው፤ ሪስታርት ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

ዲስክን በምስጢር ቁልፍ የሚዘጋው የዊንዶውስ ክፍል፣ ቢትሎከር፣ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን ባለቤቱ ሳያውቅ ይቆልፉታል። ከሊኑክስ ሲታይ የተቆለፈው ድራይቭ ምንም አይነበብም። በዚያ ላይ ሴኪውር ቡትን (ያልተፈቀደ ሲስተም ከፍላሽ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴቲንግ) ማጥፋት ቢትሎከርን ስለሚያስደነግጠው ላፕቶፑ በሚቀጥለው ጊዜ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ አንድም ነገር ከመነካቱ በፊት ቁጥሩ ከባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ወጥቶ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ቢትሎከሩም ሰስፔንድ ይደረግ (ለጊዜው ይቁም)። የደንበኛን ላፕቶፕ የሚቀበል ጥገና ቤት ይህን ሳይጠይቅ ሴኪውር ቡት ቢያጠፋ የደንበኛውን ፋይል ለዘለዓለም ሊያስቆልፍ ይችላል።

አንዳንድ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ሬስኪው ዲስኩ ይነሳል፣ ሃርድ ዲስክ ግን አያይም። ኤስኤስዲው ራፒድ ስቶሬጅ ወይም ቪኤምዲ በተባሉት የኢንቴል ዲስክ ማስተዳደሪያዎች ስር ስለተደረገ ነው። ባዮስ ውስጥ ወደ ተለመደው የዲስክ አሠራር፣ ኤኤችሲአይ፣ ቀይሮ መፈተሽ ይቻላል፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ግን ወደ ነበረበት ይመለስ፣ አለበለዚያ ሰማያዊ ስክሪን ነው የሚጠብቀው።

ወደ ፍላሹ ዝግጅት እንምጣ። 8 ጊጋባይት ይበቃል። ገበያ ላይ 128 የተጻፈባቸው ግን በውስጣቸው ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ያላቸው ሐሰተኛ ፍላሾች ስላሉ ዋጋው ከተለመደው እጅግ ከወረደ ኤች2ቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈተን። ሐሰተኛ ፍላሽ ፋይሉን የተቀበለ መስሎ ከፊሉን ስለሚጥል መነሳቱ መሐል ላይ ይቆማል። መሥሪያው ደግሞ ንጹሕ በሆነ ኮምፒውተር መሆን አለበት፤ በታመመው ማሽን ላይ ከተሠራ ፍላሹም ይበከላል።

አይኤስኦውን ሩፈስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ለአንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ ሩፈስ ቀላል ነው። ቬንቶይ የተባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም ግን የተሻለ ምርጫ ነው። አንድ ጊዜ ፍላሹ ላይ ኢንስቶል ከተደረገ በኋላ (ያኔ በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል) አይኤስኦ ፋይሎችን እንደ ማንኛውም ፋይል ኮፒ ፔስት ማድረግ ብቻ ነው፤ ካስፐርስኪም፣ ዶክተር ዌብም፣ የዊንዶውስ መጫኛም አንድ ላይ ይቀመጣሉ። አዲስ የካስፐርስኪ አይኤስኦ ሲወጣ የድሮውን አጥፍቶ አዲሱን መገልበጥ ነው። ሴኪውር ቡት በተከፈተበት ማሽን ላይ መጀመሪያ ሲነሳ ሰማያዊ ማያ መጥቶ የቬንቶይን ቁልፍ እንዲያስመዘግቡ ይጠይቃል፤ ኤንሮል ኪ ፍሮም ዲስክ በሚለው ገብቶ ፋይሉን መምረጥ ነው፤ ለአንድ ኮምፒውተር አንዴ ይበቃል።

የቬንቶይ ጉድለት ፍላሹ ሊጻፍበት መቻሉ ነው። የተበከለ ዊንዶውስ እየሠራ እያለ ከተሰካ ይያዛል። ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ይሰካ፣ ሥራው አልቆ ማሽኑ ሲጠፋ ይነቀል። ዲቪዲ ማንበቢያ ላላቸው የቆዩ ዴስክቶፖች አይኤስኦውን ዲቪዲ ላይ መጻፍ አሁንም ጥሩ ዘዴ ነው፤ የተጻፈ ዲቪዲ ላይ ቫይረስ አይገባበትም።

ኮምፒውተሩ ሲበራ ከፍላሽ እንዲነሳ የሚያስመርጡት የቡት ሜኑ ቁልፎች፦ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ኤፍ12፤ ኤችፒ መጀመሪያ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ9፤ አሱስ ላፕቶፕ ኢስኬፕ። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ግን መጀመሪያ በኤፍ2 ባዮስ ተገብቶ ቡት ሜኑው መከፈት አለበት።

ዶክተር ዌብ ላይቭዲስክ ሁለተኛ ሐኪም ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች ዳታቤዝ ስለሚለያይ ካስፐርስኪ ካጸዳ በኋላም ምልክቱ ያልጠፋ ማሽን ላይ እሱን ማስነሳት ዋጋ አለው። ብቻውን ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም፤ የካስፐርስኪ አሠራር ለጀማሪ ግልጽ ነው።

ዲፌንደር ኦፍላይን ፍላሽ አይፈልግም። ዊንዶውስ ሴኪውሪቲ ተከፍቶ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ስካን ኦፕሽንስ ተብሎ ዲፌንደር ኦፍላይን የሚለው ይመረጣል፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርግና 15 ደቂቃ ያህል ፈትሾ ይመለሳል። ውጤቱ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ላይ ይገኛል። ከመጀመሩ በፊት ዲፌንደሩ አፕዴት መደረግ አለበት፤ የሚጠቀመው ማሽኑ ላይ ያለውን ዳታቤዝ ነውና። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ዊንዶውስ አልነሳ ካለ ወይም ቫይረሱ ዲፌንደሩን ካሰናከለው መንገዱ ዝግ ነው፤ 15 ደቂቃም ዲ ላይ የተከማቸውን ሁሉ ለመፈተሽ አይበቃም።

በመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ብዙ ተማሪ የሚያስጨንቀው ሾርትከት ቫይረስ ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ይታያል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ሲስተምና ሂደን የሚሉ ምልክቶችን ለጥፎበት ነው። የፍላሹን ፎርማት እሺ ማለት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ከካስፐርስኪ ከተነሳ በኋላ የፋይል ማናጀሩ እነዚህን ምልክቶች ስለማያከብር የተደበቁት ሁሉ ይታያሉ፤ ሰነዶቹን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ሾርትከቶቹንና የማይታወቁ ስክሪፕት ፋይሎችን መተው ነው። ሾርትከቱን መሰረዝ ብቻውን ጥቅም የለውም፤ የኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ካልጸዳ የሚቀጥለው ደንበኛ ፍላሽ ላይ ይቀጥላል።

ከጽዳቱ በኋላ ዊንዶውስ ተነስቶም ታስክ ማናጀር አልከፈት ቢል ቫይረሱ አለ ማለት አይደለም፤ ያበላሸው ሴቲንግ ቀርቶ ነው። ካስፐርስኪ ዲስኩ ውስጥ ያለው ሬጂስትሪ ኤዲተር ለዚህ ያገለግላል። የዊንዶውስ ፋይሎችን ለመጠገን ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ ሲስተም ፋይል ቼከርን ማስኬድ ይበቃል። የይለፍ ቃሎች ደግሞ ከጽዳቱ በኋላ ይቀየሩ፤ ከጽዳቱ በፊት የተቀየረ ቃል ለሌባው የተሰጠ አዲስ ቃል ነው።

ፋይሎቹን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ራንሰምዌር ከሆነ ሬስኪው ዲስክ ቫይረሱን ያስወጣል እንጂ የተቆለፈውን አይፈታም፤ የተቆለፉት ፋይሎች ሳይሰረዙ ለብቻ ይቀመጡ፣ መፍቻ ወደፊት ሊወጣ ይችላል። ፍተሻው አንድ ቦታ ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ ካለና ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካወጣ ደግሞ የታመመው ዲስኩ ራሱ ነው። ፍተሻውን እዚያው አቁሞ፣ ከፋይል ማናጀሩ ሆኖ አስፈላጊዎቹን ሰነዶች ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል።