የትራውት ጫጩት ወይስ የደረሰ ዓሣ? ጅረት ላይ የቱ ይለቀቅ?

ጅረት ላይ ትራውት (ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ የዓሣ ዓይነት) መልቀቅ ለፈለገ ሰው ከመፈልፈያ ጣቢያ ሁለት ምርጫ አለ፦ ጣት የምታክል ጫጩት ወይም ለመጥበሻ የደረሰ ዓሣ።

ዋጋ፦ ጫጩት ርካሽ ነው። የደረሰው ለወራት መኖ ስለበላ ይወደዳል።

ማጓጓዝ፦ ሁለቱም ቀዝቃዛ ውሃና ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ትልቁ ሰፋ ያለ ታንከር ይጠይቃል። ከመልቀቅ በፊት የጅረቱን ውሃ ቀስ በቀስ ታንከሩ ውስጥ ጨምሩ። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ዓሣ ይገድላል።

በሕይወት መቆየት፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ጫጩት ያልቃል፤ ወፉም፣ ትልልቁ ዓሣም፣ ጎርፉም ይፈጀዋል። የተረፈው ግን ነፍሳት ማደን ለምዶ እንደ ዱር ዓሣ ያድጋል። የደረሰውን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ የክንፉ ጫፍ በሲሚንቶ ገንዳ ተፍቆ አልቋል። ሰው ሲያይ «መኖ መጣ» ብሎ ይጠጋል! ቶሎ ካልተጠመደም ብዙው አይከርምም።

ስጋት፦ ሁለቱም በሽታ ሊያመጡ ስለሚችሉ የጤና ምርመራ ውጤት ሳታዩ አትረከቡ። የሚመለከተውን አካል ፈቃድም ጠይቁ። ነባር የዱር ትራውት ካለ ግን እኔ ሁለቱንም አልመክርም። የአሜሪካዋ ሞንታና የዱር ትራውት ባላቸው ወንዞቿ መልቀቅ ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

ለማን የቱ? ውሃው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ፣ ጠጠርና መደበቂያ ያለው ከሆነና መታገስ ከቻላችሁ፣ ጫጩት። በሙቀት ወራት የሚሞቅ ጅረት ከሆነና የምትፈልጉት የአንድ ሰሞን ማጥመድ ብቻ ከሆነ፣ የደረሰው።