ማት፣ ሳቲን፣ ሴሚ ግሎስ፦ ከዓመት በላይ የኖርንበት የቤት ውስጥ ቀለም

የቤታችን ግድግዳ ከተቀባ ዓመት አልፎታል። ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ነው። ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ቢወጣም አጨራረሱ ሦስት ዓይነት ነው። ሳሎንና መኝታ ቤቱን ምንም በማያንጸባርቀው ማት ቀባን። ለኮሪደሩና ለልጆች ክፍል መጠነኛ ወዝ ያለውን ሳቲን፣ ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት ደግሞ የሚያብለጨልጨውን ሴሚ ግሎስ መረጥን። በሦስቱም ባልዲ ላይ «ይታጠባል» ይላል። አዎ፣ ይታጠባሉ። ከታጠቡ በኋላ የሚሆኑት ግን ለየቅል ነው።

ከኮሪደሩ ልጀምር። ቤቱ ውስጥ እንደሱ የሚበደል ግድግዳ የለም። ማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ሁልጊዜ የእጅ ምልክት አለ። ልጆች ግድግዳውን እየዳሰሱ ይሮጣሉ፣ ቦርሳም ያሻሹበታል። ሳቲኑ ይህን ሁሉ ችሎታል። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃዋል። እርሳስ ሙልጭ ብሎ ለቀቀ። እስክሪብቶ ግን ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም።

የማቱ ነገር ሌላ ነው። ለመልክ ከሆነ ከሦስቱ የሚያህለው የለም። የግድግዳውን ጉብታና ስርጉድ ይደብቃል፣ ዓይንም አይወጋም። ነገር ግን ሶፋው ጀርባ፣ ራስ የሚደገፍበት ቦታ ላይ ወዛም ጥላ ያዘ። በስፖንጅ ሲታሽ ቆሻሻው ለቀቀ፤ ቦታው ግን አብለጨለጨ። ፊት ለፊት ሲያዩት ምንም የለም። ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን በጎን ሲመታው ነው ቁልጭ ብሎ የሚወጣው። ኧረ እንዲያውም ከቆሻሻው የባሰ ያስታውቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቀለም ውስጥ ዱቄት አለ፤ ዱቄቱን አያይዞ ግድግዳው ላይ የሚያቆይ ማጣበቂያም አለ። ማት ላይ ዱቄቱ ይበዛል፣ ማጣበቂያው ያንሳል። ስለዚህ ገጹ በዓይን የማይታይ ሸካራነትና ቀዳዳ አለው። ብርሃን የሚበትነው ይኸው ሸካራነት ነው፤ ቆሻሻም የሚሰርገው በዚያው ነው። ሲፈተግ ሸካራው ይደመጥጥና ይወዛል። በሳቲንና በሴሚ ግሎስ ግን ማጣበቂያው ስለሚበዛ ቆሻሻው ላይ ላዩን ይቀራል።

ማት የሚክሰው ሲጫር ነው። በተረፈው ቀለም፣ በትንሽ ሮለር ነካ ነካ ሲደረግ ጥገናው ብዙም አይለይም። ሳቲን ላይ ይኸው ጥገና ካርታ ይሠራል፤ አዲሱ ወዝ ከአሮጌው አይገጥምም። ያን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ከመቀባት ሌላ መፍትሔ አላገኘሁለትም። እንግዲህ የምትመርጡት በማጠብና በመጠገን መካከል ነው ማለት ነው። ይህን ባልዲው ላይ ማንም አይጽፈውም።

የተረፈውን ቀለም አትጣሉ። እኔ አየር እንዳይበዛበት በትናንሽ የመስታወት ዕቃ ገልብጬ፣ ክዳኑ ላይ የክፍሉን ስምና ቀኑን ጽፌ አስቀመጥኩት።

መታጠቢያ ቤቱ መጀመሪያ ላይ አስደንግጦኝ ነበር። ገና ቀለሙ ሳይጠና ሻወር መጠቀም ጀመርን፤ ቤቱ ያለው አንድ መታጠቢያ ነው፣ ምን ይደረግ። ግድግዳው ላይ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር እንደ እንባ ወረደ። ሻጋታ አልነበረም። ገና ያልጠና የውሃ ቀለም እንፋሎት ሲያገኘው ውስጡ ያሉት ሳሙና መሰል ንጥረ ነገሮች ወደ ላይ ይወጣሉ። በውሃ ሲጠረግ ለቀቀ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ቀረ። አሁን ያ ግድግዳ ከቤቱ ሁሉ ለማጽዳት ቀላሉ ነው። ክፋቱ፣ ወዙ የስቱኮውን እንከን ሁሉ ያጋልጣል።

ስለዚህ ስለ መጀመሪያው ወር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ቀለሙ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ሲነካ እጅ አይዝም። ሙሉ ለሙሉ እስኪጠና ግን እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ግድግዳ አይታጠብ፣ ቁም ሣጥንም አይለጠፍበት። እንፋሎት ባለበት ክፍል መስኮት ይከፈት።

ቀቢው ኩሽናውን ከመቀባቱ በፊት ቅባቱን በሳሙና አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶታል። እስካሁን አንድም ቦታ አልተላጠም። የተላጠው መኝታ ቤት ጣሪያው ጥግ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ውሃ ከላይ ይገባል፤ ቀለሙን አልከስስም።

በሮቹ ድሮ የተቀቡበት ነጭ ዘይት ቀለም እንዳለ ነው። ጥንካሬው አያሳማም። ብርሃን የማያገኘው የቁም ሣጥኑ ውስጥ ግን ቢጫ ሆኗል፤ የዘይት ቀለም ጠባዩ ነው።

ሳቲኑን ደግሜ እገዛለሁ። ሴሚ ግሎሱንም፣ ለእርጥብ ክፍል ብቻ። ማቱን ለመኝታ ቤትና ለኮርኒስ ካልሆነ አልመርጠውም። ለሳሎን ግን አንድ አማራጭ አለ። ኢኤን 13300 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ ቀለሞችን በመታጠብ አቅማቸው ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ 1፣ እርጥብ ሆኖ 200 ጊዜ ሲፈተግ ከውፍረቱ ከ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች የሚያጣ ነው። ደረጃ 1 የሚያገኙ ማቶችም አሉ። ሳሎኑ ተራው ሲደርስ ባልዲው ላይ የምፈልገው ይህን ቁጥር ነው። ካጣሁ ሳቲን እቀባዋለሁ፤ ያኔ ግን ስቱኮው አስቀድሞ በደንብ መላግ አለበት።